ሦስተኛው ገመድ

«አስራ አራት ብለሽ ጻፊ» አለች ሹዌካ፣ ጀልባዋ ውስጥ እንደተጋደመች። «ማን ወርዶ ያረጋግጣል?»

ሚዛ እርሳሷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። ከንፈሯ በጨው ተሰነጣጥቋል። የመጥለቂያ መነጽሩ ላስቲክ ሦስት ቀን ሙሉ ከሻሿ በላይ ጭንቅላቷን ሲጨመድዳት ከርሟል። የክፍላቸው ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ባሕሩ ወለል ላይ ከተዘረጉት ገመዶች በላይ እየዋኙ ስምንት እጅ ያለውን የባሕር እንስሳ፣ ኦክቶፐስ፣ ይቆጥራሉ። ሚዛና ሹዌካ ሁለቱን ገመድ ጨርሰዋል። ሦስተኛው ላይ ሹዌካ በቃኝ አለች።

«በመጀመሪያው አራት፣ በሁለተኛው ሁለት ነው ያገኘነው። አስራ አራት ከየት መጣ?»

«ከኔ። ስጦታ ነው።»

ሚዛ ልትስቅ ፈልጋ አቃታት።

ኦክቶፐሱ እንዲያድግ ተብሎ ይህ ቦታ ለአጥማጆች ከተዘጋ ሦስት ወሩ ነው። ነገ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተማሪዎቹ የቆጠሩትን አይተው፣ ብዙ ከሆነ ይከፍቱታል፤ ካነሰ እንደተዘጋ ይቆያል።

«እማዬ ኦክቶፐስ ለማጥመድ ሩቁ ድንጋይ ድረስ ነው የምትሄደው» አለች ሹዌካ፣ አሁን ድምጿ ቀልድ የለበትም። «ባሕሩ ከዳርቻው በሸሸ ቁጥር፣ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ እየገባች። እግሯን ድንጋይ ሸርክቶት ሁለት ሳምንት ሆነው፤ አልድን አለ። እዚህ ቢከፈት እኮ ከቤታችን አስር ደቂቃ ነው።»

ከወዲያኛው ጀልባ መምህር ባካሪ «እናንተ! አለቀ?» ብለው ጮኹ።

«አንዴ ይጠብቁን!» አለች ሚዛ። መነጽሩን አጠለቀች፣ መተንፈሻ ቱቦውን ነከሰች፣ ገባች።

ክንዶቿ እንደ እርጥብ ጨርቅ ከብደዋል። ገመዱን ተከትላ ቀስ ብላ ዋኘች። አንዲት ትንሽ ኦክቶፐስ ሚዛን አየችና ቀለሟን ቀይራ ተሰወረች። ከዚያ ረጅም ባዶ አሸዋ። ገመዱ ሊያልቅ ሲል ከድንጋይ ሥር አንዲት ትልቅ ተወሽቃለች። ከበላይዋ እንቁላሎቿ እንደ ነጭ ዘለላ ተንጠልጥለዋል፤ በእጆቿ ቀስ እያለች ውሃ ታራግብባቸዋለች። ቆዳዋ ገርጥቷል። እንቁላሉ እስኪፈለፈል እንደማትበላ መምህሩ ነግረዋቸው ነበር። ሚዛ ትንፋሿን ይዛ ጥቂት ቆየች።

ስትመለስ ሹዌካ እጇን ይዛ ወደ ጀልባዋ ሳበቻት።

«ስንት?»

«ሁለት። አንዷ እንቁላል ታቅፋለች።»

ሹዌካ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ሚዛ «2» ብላ ጻፈች። ሹዌካ አየቻት፤ ወረቀቱን ግን አልነጠቀቻትም።

«አሁን እማዬን ምን ልበላት?»

«እግሯ እስኪድንላት እኔና አንቺ ሩቁ ድንጋይ እንሂድላት።»

«አንቺ? ቁጭ ማለት እንኳ አቅቶሽ!»

«ዛሬ አላልኩም» አለች ሚዛ፣ ጀልባዋ ወለል ላይ እየተዘረጋች። «ባሕሩ ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚሸሸው?»