ከቢቨሩ ረግረግ ጀርባ

መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነበር። ኩሬዬ ዳር ተንበርክኮ ጉልቻዬን እያፈረሰ ነው። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ያነሳና፣ ጥላሸት የያዘ ጎናቸውን ወደ መሬት እየገለበጠ ጫካው ውስጥ ይበትናቸዋል። ደሜ ፈላ።

ኩሬዬ ስል የእኔ ሆኖ አይደለም። እዚህ ቬርሞንት ያለው ጫካችን የሁሉም ነው፤ ከመንገድ ራቅ እስካለ ድረስ ማንም ድንኳኑን ተክሎ ማደር ይችላል። ምልክት የለም፣ የተደለደለ መሬት የለም፣ ሽንት ቤት የለም። ቦታውን ራስህ ፈልገህ ታገኛለህ፤ ካገኘህ በኋላ ደግሞ አፍህን ትዘጋለህ። በእኛ መንደር ሰውን «የት ነው የምታድረው?» ብሎ መጠየቅ ደሞዙን ከመጠየቅ ይብሳል።

እኔ ያንን ቦታ ያገኘሁት ግንድ ጎታቾች ትተውት የሄዱትን የድሮ መንገድ ተከትዬ ነው። ሣር የዋጠው የቤት መሠረት አለ፤ ዱር የሆኑ የፖም ዛፎች አሉ፤ ከእነሱ አለፍ ብሎ ኩሬው። በበጋ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የተማሪ አውቶቡሴን አቁሜ ወደዚያ እሮጣለሁ። በደረስኩ ቁጥር ግን ጉልቻዬ ፈርሶ ነው የሚጠብቀኝ። እኔ እሠራለሁ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ያፈርሳል። ሰውየውን በልቤ ስረግመው ኖሬአለሁ። እነሆ ጀርባው!

«አንተ ነህ ለካ!» አልኩት።

ደንግጦ ዞረ። ጢሙ ላይ አመድ ነበረበት። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። መልከ መልካም መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«አንቺ ነሽ ለካ» አለኝ እሱም ቀስ ብሎ። «ድንጋይ የምትከምሪው።»

ተጣላን። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ዩላ ያስተማረችኝ፣ ጉልቻው ባለበት እንዲቆይ ነው። እሳት አንዴ በነደደበት ብቻ ይንደድ፣ አዲስ መሬት አይቃጠል። ሂያጁ ደግሞ ለመጪው ደረቅ ማገዶ ፈልጦ ቅርፊት አልብሶ ይተዋል። እሱ ግን ይህ ሁሉ የዋህነት ነው አለኝ። ጉልቻ ያየ መንገደኛ ሁሉ እዚህ ይታደራል ብሎ ይሰፍራል፤ አንዱ ጉልቻ በዓመቱ አምስት ይሆናል። ሰው ያላደረበት የሚመስል ቦታ ብቻ ነው ተርፎ የሚቀረው ብሎ ተከራከረኝ።

«ታዲያ ማገዶዬንስ ለምን አልበተንከውም?»

«ማገዶሽን አንድጄበት አደርኩ። በልቶ ካጅ መሆን ነው እንዴ?» አለ። «ስሄድ ሁልጊዜ ተክቼ ነው።»

እውነት ነበር። ከተውኩት የቀጠነ፣ ከተውኩት ያማረ ፍልጥ ነበር የማገኘው። ራሴ ፈልጬ የረሳሁት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ድንኳኔን ለመትከል ስጣደፍ ክንዴን ያዝ አደረገኝና ሽቅብ አመለከተ። ከራሴ በላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል። ድንኳኑን አብረን ወደ ጎን ወሰድነው። ስሙ ኦሪን ፔክ ይባላል፤ ረግረግ ላይ ለእግረኛ የሚሆን የእንጨት ድልድይ የሚሠሩ ሰዎች ባልደረባ ነው። ያን ዕለት ባቄላውን ከሜፕል ዛፍ በሚቀዳ ሽሮፕ አጣፍጦ አካፈለኝ። በላሁለት፤ ግን ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ከኦሪን በፊት ቬርን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ወደድኩት፣ አመንኩት፣ ከሁሉ የምወደውን ወንዝ ዳር አሳየሁት። እሱ ፎቶውን ከነካርታው ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው። በጋው ሳያልቅ ወንዙ ዳር ገበያ ሆነ። ዛፉ ተላጠ፣ ሣሩ ጭቃ ሆነ፣ የሽንት ቤት ወረቀት ቁጥቋጦው ላይ ተንጠለጠለ። በመጨረሻ «ማደር ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተከለበት። የቀረችኝ ቦታ ከዚህ ኩሬ ሌላ አንዲት ብቻ ናት። ስለ እሷ አክስቴ እንኳ አታውቅም። እሷን ካጣሁ ምንም የለኝም።

ስለዚህ ኦሪንን ጠረጠርኩት። በጋውን ሁሉ ኩሬው ዳር እየተገናኘን ጠረጠርኩት። አሣ ሲያጠምድ፣ ስንቃችንን ድብ እንዳይደርስበት ዛፍ ላይ ሲሰቅል፣ በዝግታ ሲስቅ ሁሉ እጠረጥረዋለሁ። ሌላ የማድርበት ቦታ እንዳለኝ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ጨዋነት ነው፤ እኔ ግን የማይጠይቅ ሰው አስቀድሞ ያወቀ ነው እል ነበር።

አንድ ከሰዓት ዛፍ ተደግፌ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ ስልኩን ወደ እኔ አቅጣጫ ይዞ አየሁት።

«አምጣው» አልኩ።

ሳያንገራግር ሰጠኝ። አፌን ከፍቼ የተኛሁት እኔ ነኝ። ኩሬው የለም፣ ተራራው የለም፣ ከጀርባዬ ቅርፊት ብቻ ነው የሚታየው።

«ቦታው እንዳይታወቅ ብዬ ነው ጠጋ ብዬ ያነሳሁሽ» አለ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ። «አንቺን ብቻ ነበር የፈለግሁት።»

ሳቅሁ። ከዚያ ልቤ ተንሸራተተ፤ እኔ ራሴ ሰማሁት። ወደድኩት። ግን መውደድና ማመን ለየቅል ናቸው።

በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ባልደረቦቹ ለሥራ ወደ ሜይን ስቴት እንደሚሄዱ ነገረኝ። ከእነሱ ጋር ከሄደ የሚመለስበትን አያውቅም።

«ልቅር ወይስ ልሂድ? ፍርዱ ያንቺ ነው፣ ሬና» አለኝ። «ይህ ኩሬ የጸባችን ቦታ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሳትጠሪኝ አልመጣበትም። ሌላ ቦታ ስጪኝ... አንቺ የመረጥሽው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እጠብቅሻለሁ። ቅጠሉ እስኪረግፍ ካልመጣሽ ገባኝ ማለት ነው።»

የምስጢር ቦታዬ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ከቢቨሩ ረግረግ ጀርባ» አልኩት።

ውሸት ነበር። ቢቨር የሚባሉት ዛፍ ቆርጣሚ እንስሳት ወንዙን ገድበው ያበላሹት፣ ጭቃው ጉልበት የሚውጥ፣ ጥቁር ዝንቡ ሰው የሚበላ ቦታ ነው። ልፈትነው ነው ያሰብኩት። ሰው እዚያ ከጎረፈ ኦሪን ምስጢር አይቋጥርም ማለት ነው፤ ካልጎረፈ እውነተኛውን ቦታ አሳየዋለሁ።

ረዥም ጊዜ አየኝ። «ከቢቨሩ ረግረግ ጀርባ?»

«አዎ። ቆንጆ ቦታ ነው።»

«እሺ» አለና ግንባሬን ስሞኝ ሄደ።

ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ላጣራ ሄድኩ። መንገዱ መጨረሻ ላይ ሳልደርስ አየሁት። የሌላ ስቴት ታርጋ ያላቸው መኪኖች ተደርድረዋል። ከዛፎቹ መሃል ቢጫና ብርቱካን ድንኳን ይታያል፤ ሙዚቃ ይሰማል። ከመኪኖቹ መሃል ደግሞ የኦሪን አሮጌ ፒክአፕ ቆሟል።

አልወረድኩም። መኪናዬን አዙሬ ተመለስኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልኩ ለራሴ፤ እኔ ጠርጥሬ ዳንኩ። የዳነ ሰው ግን እንደዚያ አያለቅስም። ሲደውል አላነሳሁለትም። ሰኞ አውቶቡሱ ውስጥ ልጆቹ ሲጮሁ እንኳ ዝም በሉ ማለት አቃተኝ።

ቅጠሉ እየረገፈ ሄደ። በመጨረሻው ቅዳሜ ዳቦ ልገዛ አክስቴ ዩላ ሱቅ ገባሁ። አክስቴ ዳቦም፣ የአሣ ማጥመጃ ትልም፣ የሜፕል ከረሜላም ትሸጣለች። አዲስ ቦት ጫማ ያደረጉ ባልና ሚስት፣ ሰው የማይደርስበት ጥሩ ማደሪያ ታውቂ እንደሆነ እያሉ ይለማመጧታል። አክስቴ ዓይኗን ሳታሽ መለሰች።

«ከቢቨሩ ረግረግ ጀርባ ነው፣ የኔ ቆንጆዎች። ለማንም እንዳትነግሩ።»

ዳቦው ከእጄ ወደቀ። ባልና ሚስቱ አመስግነው እስኪወጡ ጠበቅሁ።

«አክስቴ... ይህን ለማን ለማን ነው የነገርሽው?»

«ለጠየቀኝ ሁሉ ነዋ! መንደሩ ሁሉ እንግዳ የሚልከው እዚያ አይደል እንዴ? ሟቹ ባሌ ነው የጀመረው። ዘንድሮማ ጉድ ነው፤ ዝንቡ ቀድሞ ጠፋና የላክኋቸው ሁሉ እዚያው ሰፈሩ።» መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

ለካ ልጅ ሆኜ እዚያው ባንኮኒ ሥር እየተጫወትኩ ነው የሰማሁት! ውሸቷ የራሴ ፈጠራ መስላኝ ነበር የኖረችው። ለኦሪን የተናገርኩትን ለአክስቴ ነገርኳት። ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ተወችው።

«ለዚያ ለድልድይ ሠሪው? ሞኝ! እሱንማ አምና በጸደይ እኔ ራሴ ልኬው የለም እንዴ? ዓይኑ አብጦ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ ተመለሰ። ሌላው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር። እሱ ግን ‹እማማ፣ ደርሼበታለሁ፣ ቆንጆ ቦታ ነው› ብሎኝ ከረሜላ ገዝቶ ወጣ። ይሄ ልጅ የእኛ ነው አልኩ ያን ቀን።»

እንግዲህ ያውቅ ነበር። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ መዋሸቴን አውቆ ነው «እሺ» ያለኝ። ግንባሬን የሳመኝም አውቆ ነው።

«ምን ትገተሪያለሽ? ሂጂ እንጂ!» አለች አክስቴ።

መንገዱ መጨረሻ ስደርስ አንድም መኪና የለም። ፒክአፑም የለም። ዛፎቹ ራቁታቸውን ቆመዋል። ሄዷል አልኩ። ቢሆንም እግሬ አላርፍ ብሎኝ ወደ ውስጥ ዘለቅሁ። ጭቃው በሚብስበት ቦታ ነፋስ የጣለው ግንድ ተሰንጥቆ እንደ መረማመጃ ተዘርግቷል። እግሬ ሳይረጥብ አለፍኩ።

ከረግረጉ ጀርባ ድንኳን የለም፣ ቆሻሻ የለም፣ የነዚያ ሁሉ ሰዎች ዱካ ተጠርጓል። አንድ ጉልቻ ብቻ አለ። በእኔ አሠራር የተሠራ፣ ጥቁሩ ጎን ወደ ውስጥ የዞረ። አጠገቡ ቀጭን ፍልጥ፣ ቅርፊት ለብሶ። ኦሪን ጉልቻ ሠርቶ ትቶ ሄደ! አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሳላስበው እጄን አመዱ ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል።

እንደኛ ያለ ሰው አመዱ በባዶ እጅ ተዳስሶ ካልቀዘቀዘ በቀር ቦታውን ጥሎ አይሄድም። ኦሪን ደግሞ ከሁላችንም ይብሳል። አመዱ ከሞቀ እሱ አልሄደም ማለት ነው። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። በሕይወቴ ያለ ጥርጣሬ የጠበቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በወዲያ በኩል ካለው ወንዝ የውኃ ባልዲ ይዞ መጣ። ሲያየኝ ቆመ።

«ላጠፋው ነበር» አለ ወደ እሳቱ እያየ። «መኪናዬ ወንዙ ማዶ ናት። ጓዜን ጭኛለሁ።»

«እንደዋሸሁህ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ሌላ የት ሰጠሽኝ?» አለ። ባልዲውን አስቀመጠ። «ጠርጣራ ሰው ደግሞ ለማጣራት መምጣቱ አይቀርም ብዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስጠብቅሽ ነበር።»

«መጥቼ ነበር... መኪናህን ከሰዎቹ መኪና መሃል አይቼ ተመለስኩ። አንተ የጠራሃቸው መስሎኝ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «አክስትሽ የላከቻቸው ናቸው፣ ሬና። ሽንት ቤት አቆፋፈር ሳስተምራቸው ነው የዋልኩት። አንዱማ ብርድ ልብሴን ይዞብኝ ሄደ።»

ሳቄና ዕንባዬ እኩል መጣ። «ጉልቻ ሠራህ። አንተ!»

«ብትመጪ ሰው እንደሚጠብቅሽ እንድታውቂ።»

ተነሥቼ አቀፍኩት። ጃኬቱ ጭስ ጭስ ይል ነበር። «አትሂድ» አልኩት። «እወድሃለሁ፤ አትሂድ።»

ውኃውን አብረን አፈሰስን። አመዱን አማሰልን። እጁን አኖረ፣ እጄን ከእጁ አጠገብ አኖርኩ፣ እስኪቀዘቅዝ አላነሳንም። ከዚያ ድንጋዮቹን አብረን በተንናቸው። የዚያን ዕለት ጉልቻ ሲፈርስ ምንም አልከፋኝም።

«አሁን ወዴት ነን?» አለኝ። ያንን ጥያቄ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

ነገርኩት። እውነቱን፣ ከመታጠፊያው እስከ ምንጩ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሽቅብ እያየ ድንኳናችንን የተከለው ከዚያ ከምንጩ በላይ ነው። በዓመቱ ሠርጋችንን የደገስነው ደግሞ አክስቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ጉልቻውን ስንደርስ እኔ እሠራለሁ፣ ስንሄድ እሱ ያፈርሳል፤ ማገዶውን አብረን እንተዋለን። ጠርጣራነቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ኦሪንም ልቀቂ ብሎኝ አያውቅም።

እናንተም አሁን «ያ የምስጢር ቦታ የት ነው?» ልትሉኝ እንደሆነ ይታየኛል። ምን ቸገረኝ፣ ልንገራችሁ።

ከቢቨሩ ረግረግ ጀርባ ነው። ቆንጆ ቦታ ነው።