ሳምንት የማያልፈው የተልባ ጄል

ተልባ ሲቀቀል ለማንም ፊት አይሰጥም። ለአፍታ ዞር ካሉበት ድስቱ ቂጥ ላይ ይጣበቃል፤ ቶሎ ካወጡት ውሃ ነው፤ ካቆዩት ደግሞ ይረጋና ከፍሬው አልላቀቅ ይላል። ስለዚህ እትዬ ካውያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምድጃቸው አጠገብ ቆመው ማማሰያውን ሲያዞሩ፣ በር ቢንኳኳ እንኳ «ክፍት ነው፣ ግቡ!» ይላሉ እንጂ ንቅንቅ አይሉም።

እትዬ ካውያ የተባሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድሜያቸውን በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል አንሶላ ሲተኩሱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ዛሬም የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ሳይቀር ካልተኮሱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድያ ልጃቸው ከከተማው ማዶ ቤት ተከራይታ፣ በአንድ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ስልክ ትቀበላለች። ቀኑን ሙሉ ለማታውቀው ሰው ሁሉ «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?» ማለት ነው ሥራዋ።

የጄሉ ነገር የመጣው ልጅቷ ጸጉሯን በኬሚካል ማለስለስ ስትተው ነው። ጥቅልል ጸጉሯ እንዳይበታተን የሚይዝላት ነገር ፈልጋ ተልባ መቀቀል ሞከረች፤ ስልኳን ስትነካካ ግን ቀዘቀዘና ወንፊቱ ላይ እንደ ሙጫ ደርቆ ቀረ። «እማዬ፣ ትዕግሥቱ ያለው አንቺ ዘንድ ነው» ብላ የተልባ ከረጢቷን ይዛ መጣች። እናት ወዲያው ለመዱት። አንድ ስኒ ተልባ በአራት ስኒ ውሃ፤ ከማማሰያው ላይ እንደ እንቁላል ነጭ ክር እየሠራ መውረድ ሲጀምር ማውጣት፤ ሳይበርድ በአሮጌ የናይሎን ስቶኪንግ መጭመቅ። መጭመቁ የልጅቷ ድርሻ ነበር። ቤት ውስጥ የሚሠራ ጄል ማቆያ መድኃኒት ስለሌለው ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ከሳምንት ብዙም አያልፍም፤ ይሸታል። ስለዚህ ልጅቷ በየቅዳሜው ትመጣ ነበር።

ጄሉ እስኪቀዘቅዝ ሥራ ፈትታ ከመቀመጥ የእናቷን ጸጉር ትፈታለች፣ ታበጥራለች፣ ትጎነጉናለች። እሷ ይህን እንደ ጨዋታ ነበር የምታየው። እናት ግን የስንት ዘመን ካውያ ትከሻቸውን አድርቆት፣ ቀኝ ክንዳቸው ከትከሻ በላይ አልወጣ ካለ ቆይቷል። ግራውም ከዚያ አይሻልም። ጸጉራቸውን ማበጠር እንደማይችሉ ለማንም አልተናገሩም። ቅዳሜ አለላቸው፣ ምን አስጨነቃቸው?

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ እየሳቀች ገባች።

«እማዬ፣ ከዛሬ ወዲያ መድከም ቀረልሽ! የሥራ ባልደረባዬ ምን አለችኝ መሰለሽ? ጄሉን በረዶ መሥሪያ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ይቻላል። ለወራት አይበላሽም። አንዴ በትልቁ ድስት እንሥራውና እንገላገል።»

እትዬ ካውያ ማማሰያውን ያዝ አደረጉ። «እኔ እኮ አልደከመኝም።»

«አንቺ መቼ ደከመኝ ብለሽ ታውቂያለሽ? በየሳምንቱ ምድጃ ሥር ስትቆሚ እኔን ይከፋኛል። አንቺም ቅዳሜሽን ዕረፊበት፣ እኔም ልብሴን አጥብበታለሁ። ለመጠያየቁ እንደሆነ ስልክ አለ።»

«እሺ እናቴ፣ እንዳልሽ» አሉ።

ትልቁ ድስት ወጣ። ልጅቷ እናቷ ቤት የነበረውን በረዶ መሥሪያ ሳይቀር ሰብስባ፣ ጄሉን በዕቃ በዕቃ ሞልታ ሄደች። የዚያን ቀን ጸጉር ለማበጠር ጊዜ አልተረፈም።

አንባቢዬ ሆይ፣ ልጅቷን ክፉ ናት እንዳትላት። ለእናቷ ማሰቧ ነበር። ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ቤት የምንቀረው እንዲህ አሳቢ ሆነን ነው።

ስልኩ በርግጥ ይደወል ነበር። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?» «ምንም።» ከዚያ ቤቱ ጭር ይላል። እትዬ ካውያ ክርናቸውን መደርደሪያ ላይ አስደግፈው ማበጠሪያውን ወደ ራሳቸው ሊያደርሱ ሞከሩ፤ ከግንባራቸው አላለፈም። አንገታቸውን ደፍተው ሻሽ ጣል አደረጉና አገጫቸው ሥር ቋጠሩት። ከሻሹ ሥር ጸጉሩ እርስ በርሱ ይተበተብ ጀመር። ጸጉር ቤት እንዳይሄዱ፣ ያን ለባዕድ ማሳየት አፈሩ። የተተኮሰውን መልሰው እየተኮሱ ዋሉ።

የብቸኝነት ክፋቱ ልማድ አለመልቀቁ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ እግራቸው ወደ ምድጃው ይወስዳቸዋል። ተልባውን ይቀቅላሉ፣ ስቶኪንጉን ቧንቧው ላይ አንጠልጥለው ያጠልላሉ፣ በብልቃጥ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣሉ። የሚወስደው የለም። ሲሸት የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ይደፉትና በሳምንቱ ሌላ ይሠራሉ።

ከእሳቸው በታች፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖራለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የዕቃ ማጠቢያዋ ሞልቶ ወጥ ቤቷን አጥለቀለቀው። ቧንቧ ሠራተኛው ሽቦውን ሰድዶ ቢጎትት ቢጎትት የማያልቅ ዝልግልግ ነገር ወጣለት። «እመቤቴ፣ ይሄ ምግብ ነው ወይስ ነፍስ ያለው ነገር?» አለ። ከላይኛው ፎቅ የወረደ መሆኑ ሲነገራት ልብስ ሰፊዋ እየተንጨረጨረች ደረጃውን ወደ እትዬ ካውያ ቤት ወጣች። እትዬ ካውያ ከፍተው ያሳዩአት ፍሪጅ ውስጥ የተደረደሩትን ብልቃጦች ስታይ ግን ንዴቷ በረደ።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለልጄ።»

«ሰሞኑን መጥታለች እንዴ?»

እትዬ ካውያ የፍሪጁን በር ዘጉት።

«ይንገሯት እንጂ! ናፍቀሽኛል ማለት ምን ነውር አለው?»

«የሥራ ሰው ናት፣ ለምን ላስጨንቃት? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«በሽታውን የደበቀም መድኃኒት አይገኝለትም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ወርዳም ለልጅቷ ደወለች። «እናትሽ በየቅዳሜው ጄል እየሠሩ ይደፋሉ። ለምን እንደሆነ መጥተሽ አንቺው ጠይቂያቸው፤ እኔ የማውቀው ቧንቧዬ መዘጋቱን ነው።»

ልጅቷ በዚያው ቀን መጣች። ሙቀቱ በላብ ያጠምቃል፣ እናቷ ግን ሻሽ አስረዋል።

«እማዬ፣ ቤት ውስጥ ሻሽ ምንድን ነው?»

«ብርድ ነዋ።»

ልጅቷ ቋጠሮውን ፈታችው። ጸጉሩ እንደተረገጠ ሱፍ ተያይዞ አንድ ቁራጭ ሆኗል። ጣቷን ልታስገባ ብትሞክር መግቢያ አጣች።

«ማነው የሚያበጥርልሽ?»

«አንቺ ነበርሽ።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

እትዬ ካውያ ክንዳቸውን አነሡ። ትከሻቸው ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ልጅቷ፣ እንባዋ እየቀደማት።

«ላስቸግርሽ አልፈለግሁም።»

«እኔም እኮ የቀረሁት እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው!»

ሁለቱም አፈሩ። ልጅቷ ድስቱን ጣደች፤ ማማሰያውንም እሷው ያዘች፣ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ትታ። የጨመቀችው ጄል ለብ ሲል ከኋላቸው ቆማ የእናቷን ጸጉር በእሱ እያራሰች፣ ከጫፉ ጀምራ በጣቷ ትፈታው ጀመር። ተልባ ያንሸራትታል፤ ብዙው ተፈታ። ማጅራታቸው ላይ የነበረው ግን እምቢ አለ።

«ቁረጪው» አሉ እናት።

በመቀስ ቆረጠችው። የቆረጠችውን መዳፏ ላይ አድርጋ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ያን ለማታውቀው ሰው ሁሉ ስትለው የምትውለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ተናገረችው። «እማዬ፣ ምን ልርዳሽ?»

እትዬ ካውያ «ምንም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

«ቅዳሜ ነይልኝ» አሉ። «ለጄሉ አይደለም። ለእኔ ነይ።»

ወላጅ ያላችሁ ሁሉ፣ «ደህና ነኝ» የሚለውን የስልክ ቃል አትመኑት፤ ሂዱና ሻሹን ፍቱ። ወላጆችም፣ ልጅ የልብ አዋቂ አይደለም፤ ክንዳችሁ አልነሣ ሲል ንገሩት። ማቆየት የሚቻል ብዙ ነገር አለ። ሰውን መጠየቅ ግን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ካልተሠራ ይበላሻል።

ልጅቷ ከእናቷ ቤት የወሰደችውን በረዶ መሥሪያ በሳምንቱ መለሰችው። አሁን የሚረጋበት ውሃ ብቻ ነው።