ሻሽ የሌለበት ጉርድ ፎቶ

«ሰኞ ጉርድ ፎቶ ያላመጣ ፈተና አይቀመጥም ተብለናል» አለች ልጅቷ፣ የአክስቷን ፀጉር ቤት ፎጣዎች እያጠፈች። «ግንባርና ጆሮ መታየት አለበት። ሻሽም ኮፍያም አይቻልም።»

አክስቷ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር በፎን እየሳበች ስለነበር የሰማች አልመሰለችም። ፎኑን ስታጠፋው ግን «ታዲያ ተነሺያ» አለች።

«አልነሳም። ፈተናውም ይቅርብኝ።»

አክስቷ መልሳ ፎኑን አበራችው። ይህን ወሬ ብዙ ጊዜ አውርተውት ስለነበር አዲስ የምትለው ነገር አልነበራትም።

ፀጉሯ መርገፍ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። መጀመሪያ ከጆሮዋ በላይ የሳንቲም ያህል፣ ቀጥሎ ማጅራቷ ላይ፣ ከዚያ በኋላ እዚህም እዚያም። ቅባቱም መርፌውም ተሞከረ። ሐኪሙ «የአንዳንዱ ሰው ይመለሳል፣ የአንዳንዱ አይመለስም» ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ ከኋላ ሻሿን መንጭቆ ካወለቀው ቀን ጀምሮ ስሟ «ካርታ» ሆኖ ቀረ። የጂኦግራፊ መምህሩ «ካርታችሁን አውጡ» ባሉ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። የቅርብ ጓደኛዋ መጀመሪያ ላይ አትስቅም ነበር።

ስልኳን የሞላው የአንዲት ተዋናይት ፎቶ ነው፤ ፀጉሯ ወገቧ ላይ የሚፈስ። አክስቷ አንድ ቀን አይታ «እሱ እኮ ዊግ ነው፤ ይሄንስ እኔን ጠይቂኝ» አለቻት፣ ልታጽናናት ፈልጋ። ልጅቷ ግን አልተጽናናችም። ተዋናይቷ ከዊጉ ስር የራሷ ፀጉር አላት።

በሩ ተከፈተና የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ገቡ። ልጅቷ የምታውቃቸው ከዳቦ መሸጫው መስኮት በስተጀርባ፣ ነጭ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ነው።

«ዛሬ ሁለቱን ፀጉሬን ተራ በተራ እጠቡልኝ» አሉና ቆባቸውን አውልቀው መስቀያው ላይ አንጠለጠሉት። ፀጉራቸውን ሊያደርቁ ካስክ ስር የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ።

ከግንባራቸው እስከ አናታቸው ባዶ ነበር። የቀረው ከጆሯቸው ኋላ ያለው ጭብጥ የማይሞላ ፀጉር ብቻ ነው። ልጅቷ ሻምፖውን እንደያዘች ቆመች።

«ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ልጄ። ምድጃ ያበሰለው ራስ ነው፤ ደግመሽ እንዳትቀቅይው።»

ራሳቸውን በመዳፏ አሸችው። ለስላሳና ሙቅ ነበር። አክስቷ እንዳትሰማ ጎንበስ ብላ «እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?» አለች።

«እንዳንቺው ነዋ። እኔም ሻሼን እንደዚያ ነበር የማስረው፣ እስከ ጆሮዬ።»

ልጅቷ ማሸቷን አቆመች። «ተመልሶ አልበቀለም?»

ሴትየዋ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «አልበቀለም» አሉ። «ልዋሽሽ አልፈልግም።»

ልጅቷ ሌላ መልስ ነበር የጠበቀችው፤ ውሸትም ቢሆን።

«ታዲያ እንዴት ቻሉት?»

«መቻል አልኩሽ እንዴ? አሁንም መስታወት ሳይ የሚከፋኝ ቀን አለ። ሊጡ ግን እኔ ከፋኝ ብሎ አይጠብቀኝም።» «ማጅራቴን ጠበቅ አድርገሽ እሺው… እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ።»

ሲጨርሱ ከሌሎቹ ሴቶች መሃል መስታወቱ ፊት ተቀመጡ። አክስቷ ያችኑ ትንሽ ፀጉር መከርከም ጀመረች። ሴትየዋ ራሳቸውን ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያዞሩ አዩና «ምነው፣ የጆሮዬን ስር ዘለልሽው እኮ» ብለው ወቀሱ። አክስቷ ይቅርታ ጠይቃ አስተካከለች። ልጅቷ መጥረጊያውን እንደያዘች ቆማ አየቻቸው። እንደዚያ ያለ ራስ ይዞ «በደንብ ይሠራልኝ» ማለት እንደሚቻል አስባ አታውቅም።

ከሰዓት ማንም ሳያስገድዳት ፎቶ ቤት ሄደች። ሻሿን ስትፈታ ፎቶ አንሺው ወሬውን አቋረጠና ካሜራውን ማስተካከል ጀመረ። አንድ ጊዜ አነሳትና ምስሉን በኮምፒውተሩ አሳያት።

አላማረችም። ጀግናም አልመሰለችም። ልጆቹ ያወጡላት ስም ልክ ሆኖ ታያት።

ፎቶ አንሺው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክፍት ክፍቱን በኮምፒውተር ልሙላልሽ?» አላት። «ማንም አያውቅም።»

ሰኞ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ታያት። ፀጉር ቢሞላበትም ይስቃሉ፤ ባይሞላበትም ይስቃሉ። ስክሪኑን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተችው።

«ተወው» አለች በመጨረሻ። «ግን አንገቴ ተጣሟል። እንደገና አንሳኝ።»

ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።