ጀርባውን የሰጠው ወጣት

ሠዓሊዋ ኮምፒውተር ጥገና ሱቁ የገባች ቀን፣ ጠጋኙ ቀና ብሎ አያትና እጁ ላይ የነበረውን ብሎን የት እንዳስቀመጠው ጠፋው።

ፍላሽ አቀበለችው። ከፈተው። ስክሪኑን የሞላ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው፤ መስኮት ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ መጋረጃ ይወዛወዛል፣ አንድ ወጣት ጀርባውን ሰጥቶ ውጭውን ያያል።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለችው። «ዋናው ከተቃጠለው ኮምፒውተሬ ጋር ጠፋ። የቀረኝ ይሄ የታሸገው ነው፤ ይታያል እንጂ አይነካም። ፈትተህ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ብታወጣልኝ አስተካክለው ነበር።»

«ምኑን ነው የምታስተካክዪው?»

«እሱን። ፊቱን እንዲያዞር እፈልጋለሁ።»

«እሱን» ስትል ድምፅዋ ለሰለሰ። ጠጋኙ ጣቷ ላይ ቀለበት ፈለገ።

ሥራው አስቸጋሪ ነበር። ከሰዓት በኋላ እየመጣች አጠገቡ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ዝናቡ ብቻውን ወጣ፣ ቀጥሎ መጋረጃው። ክንዷ ክንዱን ሲነካው ሁለቱም ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ከዚያ የቱ ጋ እንደደረሱ ማንም አያስታውስም።

አንድ ቀን ከመምጣቷ በፊት ወጣቱም ወጣ፤ ፀጉሩ ለብቻ፣ ትከሻው ለብቻ። ጠጋኙ ግን ደስ አላለውም። ይህን ከሰጣት በምን ምክንያት ትመጣለች?

«እሱ ገና ነው» አላት ስትመጣ። «አልፈታም ብሏል።»

በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም እንደዚሁ አላት። በመጨረሻ አንገቷን ደፋች።

«እማዬን ምን ልበላት? ዓይኗ እየደከመ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ወንድሜ ነው፤ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ጠዋት ጠዋት ላፕቶፑን ታስከፍተኝና ‹ምነው አንዴ ዞር ቢልልኝ› ትላለች።»

ጠጋኙ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ከወጣ ቆይቷል» አላት፣ ፍላሹን እየሰጣት። «እንዳትቀሪብኝ ብዬ ነው የዋሸሁሽ።»

ፍላሹን ይዛ ወጣች፤ በሩን እንኳ አልዘጋችውም።

ከዚያ ወዲያ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ጠጋኙ ብድግ ይላል። አብሮት የሚሠራው ጓደኛው፣ «ኧረ ወንድሜ፣ አንተ የምትጠግነው ኮምፒውተር ነው በር?» ይለዋል። እሱ ባዶውን ወንበር ማንም እንዲስበው አይፈቅድም። ሊደውልላት ስልኩን ያነሳል፤ ምን ብሎ?

አንድ ቅዳሜ እሷው ደወለች።

«ፊቱን ሣልኩት። አንገቱ ግን አልዞር አለኝ።»

ቤቷ የት እንደሆነ ጠይቋት እየሮጠ ሄደ። በር ላይ ተቀበለችው።

«ተቀይሜሃለሁ» አለችው ቀስ ብላ። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለትና፣ «ግን እኔስ? በየቀኑ ከመምጣት ቤቴ ሆኜ ስልክህን መጠበቅ እችል ነበር እኮ።»

ሳሎን ውስጥ እናትየዋ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠዋል። ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ሠራ፤ ዝናቡ መውረድ ጀመረ። ወጣቱ በዝግታ ዞረ።

እናትየዋ ጎንበስ ብለው ጉንጩን በጣታቸው ነኩት።

«ከሳብኝ እንዴ?» አሉ።

ሠዓሊዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። አሮጊቷ ረጅም ጊዜ ልጃቸውን ሲያዩ ቆይተው፣ ከኋላቸው የሰው ትንፋሽ ሰሙና ዘወር አሉ።

«ይሄኛውስ ልጅ የማነው?»

ጠጋኙ አቀርቅሮ ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ሠዓሊዋ ገመዱን ከእጁ ወሰደችበትና እጁን ያዘች።

«የእኔ ሰው ነው፣ እማዬ።»