ከሃርቨስት ቀጥሎ ያለው ቃል

መምህር አብዱልቃዲር የወደቁት ከጥቁር ሰሌዳቸው ሥር ነው። ጥርስ ስለሌላቸው ጫታቸውን የሚወቅጡበት የብረት ዘነዘና ደም ለብሶ ከጎናቸው ተጋድሟል። ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ምሳ ይዘው የገቡት አከራያቸው ኡምኩልሱም ናቸው ያገኟቸው። ኢንስፔክተር ዙህራ ደርሳ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ሰሌዳውን ቆማ አነበበች፤ ከዚያ በሩን አሸገች።

ሽማግሌው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሦስት ሰው እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። አስተማማራቸው ለብቻው ነው። መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያው ይዘው ጎረቤታሞቹን ቃላት በተርታ ያስጠናሉ፤ ትርጉሙን ግን ከመጽሐፉ ሳይሆን ከራሳቸው አንደበት አውጥተው ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። ሐሙስ ዕለት ሃርቨስት ላይ ደርሰው፣ መከር ማለት መሬት እዳዋን ስትከፍል ነው ብለው አሰናበቷቸው። ቀጣዩ ትምህርት ለቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀጥሮ ነበር።

አንዱ ተማሪ ባጃጅ ነጂው ብሩኬ ነው። ሁለተኛዋ ኤደን በአንድ ፔንሲዮን እንግዳ ትቀበላለች። ሦስተኛው ዓሊዩ ደላላ ነው፤ ልጃገረዶችን በሚኤሶ ከተማ በኩል ወደ ዐረብ አገር ይሸኛል እየተባለ ይታማል።

ቅዳሜ ረፋድ የብሩኬ ባጃጅ ከመምህሩ ደጅ ቆማ ታይታለች። እሱ መምህሩን ከገበያ ቤታቸው አድርሼ ተመለስኩ ቢልም ምስክር አጣና ታሰረ። እናቱ እማማ ማሚቴ ከጣቢያው በር አልነሳም አሉ። ዙህራም ብታስረውም ልቧ አላረፈም።

ኡምኩልሱምን ለብቻቸው አነጋገረች። ዓርብ ዓርብ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው፤ ያን ዓርብም አመሻሽ ላይ አጽድተዋል። ሽማግሌው የዓሊዩን ሥራ ለልጃገረዶቹ አባቶች ሊያወጡ ቆርጠው እንደነበርም ነገሯት። ዓሊዩ ግን ዓርብ ንጋት ሚኤሶ ወርዶ እሁድ ለቀብሩ መመለሱን ተናገረ፤ ሁለት ሰውም መሰከሩለት። ሁለቱም አብረውት የሚሠሩ ናቸው።

ሰኞ ሦስቱን ተማሪዎች ጣቢያ ሰበሰበቻቸው።

«እስቲ ከሃርቨስት ቀጥሉልኝ» አለች።

ብሩኬ አቀረቀረ። «እኔ እዚያው መከሩ ላይ ቀርቻለሁ።»

ኤደን ከስልኳ ቀድማ ማንበቧን ተናግራ ቆጠረች፤ ሄስት ችኮላ፣ ሃት ባርኔጣ፣ ሃቼት ትንሽ መጥረቢያ።

ዓሊዩ ፈገግ አለ። ሰው ሳያርም ማደር አይችልም።

«አይ ኤዱ፣ ይሄ የስልክ እንግሊዝኛ ነው። ሃቼት ማለት እጀታውን ከዛፍ ለምኖ ዛፍ የሚጥል ከዳተኛ ነው።»

«ማን እንዲህ አለህ?» አለች ዙህራ።

«መምህራችን ናቸዋ።»

«መቼ?»

ዓሊዩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

ዙህራ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሐሙስ ሃርቨስት ላይ ቆማችኋል። ዓርብ አመሻሽ ሰሌዳው ባዶ ነበር። ስለዚህ ሃቼትን ከነትርጉሙ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፉት ከዚያ በኋላ ነው፤ ትርጉሙም አሁን አንተ ያልከው ነው፣ ቃል በቃል። ኡምኩልሱም ፊደል አልቆጠሩም። እኔ አንብቤ በሩን አሸግሁ። አንተ ደግሞ እስከ እሁድ ሚኤሶ ነበርኩ ትላለህ። ታዲያ የት አየኸው?»



«ልለምናቸው ነበር የሄድኩት» አለ ዓሊዩ። «መጀመሪያ የዛሬ ቃልህን ያዝ አሉኝ። ከሰሌዳው አነበቡልኝና 'ይሄ አንተ ነህ' አሉኝ። ዘነዘናው እጄ አጠገብ ነበር።»

ኤደን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ለዐረብ አገር ፓስፖርቷን ያወጣላት ዓሊዩ ነበር።

ብሩኬ ተፈታ። ዙህራ እስከ በሩ ሸኘችው። እማማ ማሚቴ ልጃቸውን አቅፈው ሲያበቁ ቀና ብለው አዩዋት።

«ልጄን መለስሽልኝ፣ እግዜር ይስጥሽ። ስሙንስ ማን ይመልስለታል?»

ብሩኬ ወደ ባጃጅ ተራው ተሻገረ። ከእሱ ጋር ከአንድ ሳህን ሲበላ የኖረው ጓደኛው ብሩኬ ሲመጣ አየና ሞተሩን አስነሥቶ ራቅ ብሎ ቆመ።