ቆርቆሮው ሲመታ የተኛው ሰው

የኢብራሂም ሬሳ የተገኘው ጀልባው ሆድ ውስጥ፣ በደረቀ ዓሣ ጆንያዎች መካከል ነው። አንገቱ ላይ ገመድ ተጠምጥሟል። የሶላት ቆቡ ግን ከራሱ ላይ አልወደቀችም።

መርማሪ አልማዜ በማግስቱ ጠዋት ከሁለት ፖሊሶች ጋር በታንኳ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና ነበር። የጋምቤላ ክልል ገና ማኅተሙን በቅጡ ሳያስቀርጽ ከደጋ ተመድባ ኢታንግ የመጣች ሴት ናት። ሽፍታ አትፈራም፣ ነፍሰ ገዳይ አትፈራም፤ የባሮን ወንዝ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ትፈራዋለች።

ጀልባው ከሱዳን ሲመለስ ከኢታንግ በታች ዳር ይዞ ቆሟል። የሚነዳው አባንግ ከምሰሶው ጋር የፊጥኝ ስለታሰረ የሚያንቀሳቅሰው ሰው የለም። ያሰሩት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ ገመዱ የእሱ ነው፣ ሬሳው ሲገኝም ከሞተሩ አጠገብ ብቻውን ነበር። ካሰሩት በኋላም እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሌሊቱን ሙሉ አንዱ ለሌላው ጀርባውን ሳይሰጥ ተፋጠው አደሩ።

የአልማዜ አለቃ ያዘዛት አጭር ነበር፤ የታሰረውን ይዘሽ ጋምቤላ አስረክቢ። አባንግ እንዲህ ታስሮ ከገባ ማንም እንደማይሰማው አለቃዋም እሷም ያውቁታል።

መጀመሪያ የሟችን እህት ፈትሂያን ጠየቀቻት።

«ወንድምሽን በሕይወት መቼ አየሽው?»

«መግሪብ ላይ። ጀንበር ስትጠልቅ አዛን አለ፤ ሁላችንም ሰምተነዋል። ሰዓቴ አንድ አለፍ ብሎ ነበር። አባንግ ጀልባውን ማሰር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ኢብራሂም ሰግዶ ወደ ታች ወረደ። ሁለት ሰዓት ላይ ለእራት ልጠራው ስሄድ…» አልጨረሰችውም።

«ሰዓትሽ ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው። ሱዳኖች ከእኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ አይደሉ? ድንበሩ ላይ አባንግ ቆርቆሮ እየመታ ‹ሰዓት!› ብሎ ይጮኻል። ስንሄድ ወደኋላ፣ ስንመለስ ወደፊት እናዞራለን። ትናንት ከሰዓት በኋላም መታ፣ አዞርኩ።»

«ወንድምሽ የሚፈራው ነገር ነበር?»

«አላውቅም። ‹ጋምቤላ ስንገባ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ነው የምሄደው› ብሎኝ ነበር። ለምን ብለው አልነገረኝም።»

ጌዴዎን የሟች የንግድ ሸሪክ ነው። ይህን መንገድ ለዓመታት ተመላልሶበታል። መዳፉን በመሐረብ ጠቅልሏል።

«እጅህን ምን ሆንክ?»

«ጀልባው ሲታሰር አባንግን ሳግዝ ገመዱ ላጠኝ። እኔን ከጠረጠሩ ድሬሰሩን ይጠይቁት። ከአሥራ ሁለት ተኩል ጀምሮ ጩኸቱ እስኪሰማ ከእሱ ጋር ካርታ ስጫወት ነበር።»

ድሬሰር ረታ ለክትባት ሥራ ተሻግሮ የነበረ የጤና ሠራተኛ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ከተዛወረ ወሩ ነው። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፤ ወባው ይሁን ፍርሃቱ አይለይም።

«ከቀትር ጀምሮ ትኩሳት ጥሎኝ ነበር። ጌዴዎን ነው የቀሰቀሰኝ። ‹ስንት ሰዓት ነው?› አለኝ፤ ፋኖስ ለኩሼ ሳይ አሥራ ሁለት ተኩል ይላል።»

«ፋኖስ ለኩሰህ?»

«ጨልሞ ነበራ።»

«ስንት ጊዜ ተጫወታችሁ?»

«አንዴ። እሱንም ሳንጨርስ ፈትሂያ ጮኸች።»

አልማዜ ወደ ምሰሶው ሄደች። የአባንግ ጣቶች አብጠዋል።

«ጀልባውን ስታስር ማን አገዘህ?»

«ማንም የለም። እኔ ብቻ። ነገርኳቸው፣ አልሰሙም።» ቀና ብሎ አያት። «እኔ ጋምቤላ በገመድ ከገባሁ አልወጣም። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች።

ሁሉንም ምሰሶው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ረታ፣ ሰዓትህን ከእኔ ሰዓት ጎን አድርገው።»

ረታ ክንዱን ዘረጋ። የእሱ ሰዓት ከእሷ ድፍን አንድ ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል።

«ቆርቆሮው ሲመታ ተኝተህ ነበር» አለችው። «ሰዓትህ እስካሁን ሱዳን ነው። ጌዴዎን የቀሰቀሰህ በእኛ አቆጣጠር አንድ ተኩል ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ቢሆን በክረምት ደመና አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ፋኖስ ይበራ ይሆናል፤ ለዚያ ነው ያልገረመህ። ፀሐይ ግን እዚህ ምዕራብ ዳር እስክትደርስ ትዘገያለች። ጋምቤላ በዚህ ወር አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መርፌ ይለቀማል። ደግሞስ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የተቀመጠ ሰው አንድ ጨዋታ መጨረስ ያቅተዋል?»

ወደ ጌዴዎን ዞረች።

«መተኛቱን አይተህ ነበር፤ ለዚህም ነው ሰዓቱን ያስነበብከው። ጀልባው የታሰረው ከአዛኑ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ረታ ጋ ከነበርክ አባንግን አላገዝክም፤ አባንግን ካገዝክ ረታ ጋ አልነበርክም። ገመዱ እጅህን የላጠው የት ነው ታዲያ?»

ጌዴዎን የተጠቀለለ መዳፉን ከጀርባው ደበቀ።

«ኢብራሂም ለፖሊስ ሊናገር ያሰበው ነገር እሱ ከሞተበት ብዙ አይርቅም። ጆንያዎቹን ውጉ» አለች አልማዜ።

ፖሊሱ ሦስተኛውን ጆንያ በሳንጃ ሲወጋው ከደረቀው ዓሣ ጋር ጥይት እየተንቃጨለ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«አይቶብኝ ነበር» አለ ጌዴዎን ቀስ ብሎ። «ለመንኩት። እምቢ አለ።» ከዚያ ድንገት ወደ ጀልባው ጠርዝ ሮጠ።

«አትግባ!» የጮኸው አባንግ ነበር፤ እንደታሰረ። «አዞ አለ! እዚህ ጋ አትግባ!»

ጌዴዎን ቆመ። ጥፋቱን ሊያሸክመው የነበረውን ሰው ዞሮ አየውና ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። ፖሊሶቹ ከተቀመጠበት አነሡት።

የአባንግን ገመድ የፈታችው ፈትሂያ ናት። ሌሊት ቋጠሮውን ያጠበቀችውም እሷ ነበረች። «ይቅር በለኝ» ልትለው ፈልጋ ለቅሶ ቀደማት። አባንግ የደነዘዙ እጆቹን እያሻሸ ሞተሩን ሊያስነሳ ሄደ።

ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ግን ቆርቆሮውን አነሣና አንዴ መታው።

«ሰዓት!» አለ ረታን እያየ።

የሳቀ የለም። ረታ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት አዞረ።