በሁለት ጫፉ የሚያስረው ሰንሰለት

በአርዳሜን መንግሥት፣ የመከር ንፋስ ገና ሳይነሣ፣ የወርዲት ሐይቅ ከሥሩ ብረት አንቃጨለ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ጥለው ሸሹ። በመናገሻይቱ በሰንደራ ያሉ ሽማግሌዎች ድምፁን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምን እንደሆነ ያውቁታልና። ያ ዕቃ ወደ ሐይቁ በተጣለበት ቀን አንዲት ዓይነ ስውር ነቢይት «ሐይቁ የዋጠውን ባስታወሰ ዕለት፣ የጣላችሁት እናንተው ትፈልጉታላችሁ» ብላ ነበር። ያን ጊዜ የሰማት አልነበረም። ነቢይ በአገሩ አይከበርም።

የተጣለው ዕቃ ቁርኝት ይባላል፤ የጥንት ጠቢባን ከሰማይ በወደቀ ብረት የሠሩት ባለ ሁለት ቀለበት ሰንሰለት ነው። አንድ ዘብ ሰው መያዝ ሲፈልግ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮኽና አንዱን ቀለበት በተያዘው ሰው እጅ፣ ሌላውን በገዛ እጁ ያጠልቃል። ሰንሰለቱ በተጠራ ቁጥር መሰሉን ስለሚወልድ ለሁሉም ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ያዥና ተያዥ ከአንድ ገበታ ይበላሉ፣ በአንድ ምንጣፍ ይተኛሉ። ቀለበቱን የሚከፍት ቁልፍ በምድር ላይ የለም፤ የሚከፍተው የዳኛ እውነተኛ ፍርድ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሰው በከንቱ አይያዝም ነበር። ዘብ ሰው ሊይዝ ሲነሣ አስቀድሞ ሚስቱን ይሰናበታል፤ እሷም «እርግጠኛ ነህ?» ትለዋለች። ግማሾቹ ከደጃፍ ይመለሱ ነበር።

ታዲያ ማን ጣለው? ጠላት ቢሆን ባልከፋ። የጣለው ራሱ ሕዝቡ ነው። የዘቦች አለቃ የነበሩት የአባ ግርሻ አንድ ልጅ አጋዤ፣ ከተማው ሁሉ የሚወደው ወጣት ዘብ፣ ከአንድ ሽፍታ ጋር ተቆራኝቶ ሲሄድ ሽፍታው ከገደል ዘለለ፤ አጋዤም አብሮ ወደቀ። ከተማው ገና ከል ሳያወልቅ ሸንጎ ተቀመጠና «ይህ ገዳይ ብረት ይጥፋ!» ብሎ ጮኸ። ሰንሰለቱን በጀልባ ወስደው ሐይቁ መሐል የጣሉት አባ ግርሻ ራሳቸው ናቸው። ሐዘን ክፉ አማካሪ ነው፤ ከተማ በሙሉ ሲያዝን ደግሞ የሚገሥጽ አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ ዘቦች ባለ አንድ ቀለበት እግር ብረት ያዙ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ያማረ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ሌቦች ተለቀሙ፣ ገበያው ጸጥ አለ። ውኃ ሲወስድ ግን እያሳሳቀ ነው። ከሌቦቹ ቀጥሎ ሌባ የሚመስሉ ተያዙ፤ ቀጥሎ «ለምን ያዛችሁት?» ያሉ ተያዙ። ሁሉም ወደ ገለም ግንብ ገቡ፤ ከግንቡም የወጣ አልታየም።

ከገቡት አንዱ ቤት ከዳኙ ናደው ነበር። ሣር ክዳን ላይ ሆኖ ሲሠራ ያፏጫል። የፊት ጥርሱ ስለተሰበረ ከዜማው አንዷን ድምፅ ይስታታል፤ ከፍ ማለት ሲገባት ነፋስ ብቻ ሆና ትወጣለች። አንድ ዘብ ከታች «የማን ቤት ነው? ማንስ አዘዘህ?» ብሎ ሲጠይቀው በፉጨት መለሰለት። ቀልዱ ነበር፤ ዘቡ ግን ቀልድ አያውቅም።

እህቱ ዋሪት ከናደው ሌላ ዘመድ የላትም። በየቀኑ ስንቅ ቋጥራ ወደ ግንቡ ትሄዳለች፣ በየቀኑ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ትባላለች። ማታ ራት ስታቀርብ ድርሻውን ለይታ ታስቀምጥለታለች፤ በሩንም አትቀረቅርም። ናፍቆቱ እንደ ሕመም ነበር። ጎረቤት ጣሪያ ላይ ሣር በተንኮሻኮሸ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ወፍ መሆኑን ታያለች፤ በሚቀጥለውም ቀና ማለቷ አይቀርም።

ሐይቁ ባንቃጨለ ሰሞን ንግሥቲቱ ቁርኝት ይመለስ ወይስ ይቅር ብላ ሸንጎ ጠራች። አደባባዩ ለሁለት ተከፈለ። ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሙላቷ ተነሥተው ንግግራቸውን በመሐላ ጀመሩ።

«በንግሥቴ ዘውድ እምላለሁ! የዘብ እጅ ከተፈታ ወዲህ ሱቄን ክፍት ትቼ እተኛለሁ። ድሮ ሌባ ስናሳይ ዘቡ ‹ከዚህ ጋር ስንት ወር ልታሰር?› እያለ ዞር ይል ነበር። የሚጠብቀንን ውሻ አሥረን ጅብ እንጋብዝ?»

ብዙ ሰው አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የተዘረፉ ሰዎች ነበሩ። ቀጥላ ዋሪት ቆመች።

«ንግሥት ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! ‹በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች› ይባላል። እኔ የሄደብኝ ጭብጦ አይደለም። ወንድሜ አጥፍቶ ከሆነ ይፈረድበትና ልወቀው። የወይዘሮ ሙላቷ ሱቅ ክፍት የሚያድረው የእኔም ቤት ክፍት ስለሚያድር ነው። እሳቸው ሌባ አይመጣም ብለው ነው፤ እኔ ወንድሜ ይመጣል ብዬ።»

ያኔ ግዙፉ የዘቦች አለቃ ድንገዞ ሳቅ ብሎ ተነሣ።

«ሕጉ ሐይቅ ውስጥ ነው፣ እመቤቴ። እኔ ያልጣልሁትን እንዳወጣ አልገደድም። በአባቴ አጥንት እምላለሁ፦ ቁርኝቱን ከዘንጉል መንጋጋ አውጥቶ እዚህ የሚያመጣ ሰው ካለ፣ በላዬ ‹በሕግ አምላክ!› ቢባል እጄን አልሰበስብም!»

ዘንጉል የሐይቁ አውሬ ነው። ወደ እሱ ሄዶ የተመለሰ ስለሌለ መልኩን የሚያውቅ የለም። ድንገዞ በሰፊው የማለው ለዚህ ነበር።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ዋሪት።

ከሽማግሌዎች መካከል አንድ ምርኩዝ ድንጋዩን ሲመታ ተሰማ። አባ ግርሻ ነበሩ። «የጣልሁበትን ቦታ የማውቀው እኔ ነኝ» አሉ። ድንገዞ በበኩሉ ጫንያ የሚባል ወጣት ዘብ ጨመረላቸው፤ ሌላ ብረት ቀጥቅጠው እንዳያታልሉት።

ሦስቱ ተጓዙ። መንገዱ በሚይዝ እሾህ ደን ያልፋል፤ ቅርንጫፎቹ የቆመን ሰው ይጠመጥማሉ፣ የሚሄደውን ይለቃሉ። ስለዚህ ሳያርፉ ሄዱ፣ እየተነታረኩም ሄዱ፤ ክርክር እንቅልፍ ያባርራል። ጫንያን የዘብነት ነገር ያንገበግበው ነበር።

«እህቴ፣ እናቴን ሌቦች ደብድበው ጥለዋታል» አላት። «ያየ ሰው ነበር። የሚቆራኝ ዘብ ግን አልተገኘም፤ ሁሉም ፈራ። ዘብ የሆንሁት ለዚያ ነው። አንቺ ስለ ወንድምሽ ታለቅሺያለሽ፤ ለእናቴ ማን ያልቅስ?»

ዋሪት «እናትህ ስማቸው ማን ነበር?» አለችው።

«ብርጓል» አለ ጫንያ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱን ሁሉ የዋሪትን ስንቅ እሱ ተሸከመላት።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ውኃው ረግቶ ነበር። አባ ግርሻ ረጅሙን ገመድ ከትከሻቸው አወረዱ። ገና ሳይፈቱት፣ ከውኃው መሐል ፉጨት ተሰማ።

ዋሪት ቀና አለች። የናደው ዜማ ነው። ያ የማገር ላይ ዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ለጣሪያ የሚዞረው፤ ስንት ወር ጆሮዋን አቁማ የጠበቀችው! ሳታውቀው ውኃ ውስጥ ገባች፤ እስከ ጉልበቷ፣ ከዚያ እስከ ወገቧ። ፉጨቱ ወደ ከፍተኛው ድምፅ ሲወጣ ትንፋሿን ዋጠች። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ምንም አልጎደለውም።

«አይደለም!» ብላ ጮኸች። «እሱ አይደለም! ወንድሜ ያቺን አይችላትም!» ጫንያ ዘሎ በመቀነቷ ጎትቶ አወጣት። ዳር ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ዘንጉልን ስላመለጠች አልነበረም ልቅሶዋ፤ እንዲያ ያማረውን ፉጨት ትታ ስለወጣች ነበር።

ወዲያው ድምፁ ተለወጠ። አሁን የጎልማሳ ድምፅ ሆነ፤ «አባባ፣ በረደኝ» አለ።

አባ ግርሻ ገመዱን በወገባቸው አሠሩ። የገመዱን ጫፍ ለጫንያ ሰጡት።

«አባ፣ እሱኮ አጋዤ አይደለም!» አለች ዋሪት እጃቸውን ይዛ። «አውሬው ነው!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ልጄን በእጄ ቀብሬዋለሁ፤ እንዴት ይጠፋኛል?» እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ። «ግን ድምፁ የሱ ነው። ይህን ድምፅ ሳልሰማ አርጅቻለሁ። ደግሞ እሱ እኔን ሲጠራ ሌላ አያይም። እኔ እያዳመጥሁት እሄዳለሁ፤ የጣልሁበት ቦታ ስደርስ ገመዱን ፈትቼ ብረቱ ላይ አሥራለሁ። ሲወጠር ጎትቱ።»

«እርስዎስ?» አለ ጫንያ።

«እኔማ ደግሜ እንዳልጥለው ከዚያው ብቀር ይሻላል» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያም «መጣሁ፣ አጋዤ! መጣሁ አባቴ!» እያሉ፣ እንደ ወጣት ደረታቸውን ነፍተው፣ እየቀዘፉ ሄዱ። ውኃው ተናወጠ። ገመዱ ላላ፤ ቆይቶም ተወጠረ። ሁለቱ ወጣቶች መዳፋቸው እስኪደማ ጎተቱ። ሰንሰለቱ ዝገት የሚባል ሳይነካው፣ ሁለቱ ቀለበቶቹ እየተጋጩ ወጣ። ሽማግሌው አልወጡም። ከሐይቁ መሐል አንድ ጊዜ የሁለት ሰዎች ሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማ፤ ጫንያ የአውሬው ነው አለ፤ ዋሪት ግን እስከ ዛሬ አላመነችም።

ሰንደራ ሲገቡ አደባባዩ ሞልቶ ጠበቃቸው። ዋሪት ሰንሰለቱን ከንግሥቲቱ እግር ሥር አኖረችው። እልልታውን ገደል አስተጋባ። ድንገዞ ፊቱ አመድ መሰለ፤ መሐላ ግን መሐላ ነው፣ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

«የሚይዘኝ ይምጣ» አለ።

እልልታው ቀጥ አለ። የቁርኝት ሕግ በሁሉም ልብ ውስጥ ተመለሰ። የያዘ ይታሠራል። ድንገዞ በአንድ ሰው ብቻ የሚከሰስ አልነበረም፤ ከግንቡ የሚወጣው ሁሉ እየመሰከረ ነገሩ እስኪቋጭ ዓመታት ያልፋሉ። የተቆራኘ ሰው ደግሞ የሚኖረው በፍርድ ኮረብታ ላይ ነው፤ ምስክርነቱ እንዳይዛባ ከዘመድ ጋር ዓይን ለዓይን አይተያይም። ልጁ የተያዘበት አባት መሬት መሬት አየ። ባሏ የተያዘባት ሴት የታቀፈችውን ሕፃን ጠበቅ አደረገች። ማን ይፈርድባቸዋል?

ንግሥቲቱ ዋሪትን ተመለከተቻት። «ልጄ፣ አንቺ ድርሻሽን ተወጥተሻል። አለቃው ሲቆራኝ ሥልጣኑ ይወርዳል፤ ግንቡም በሕግ ይከፈታል። ወንድምሽ ዛሬ ይወጣል። ሌላ ሰው ይያዘው።»

ዋሪት ዞር ብላ ሕዝቡን አየች። የሌላውን ሰው ጠበቀች፤ ሌላው ሰው አልመጣም። ቤቷ ታየቻት፤ ያልተቀረቀረው በር፣ የተለየው ድርሻ። ዛሬ ማታ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሊበላው ነበር። ልቧ እየተቆረጠ ሰንሰለቱን አነሣች።

«በሕግ አምላክ!» አለች። አንዱን ቀለበት በድንገዞ እጅ፣ ሌላውን በራሷ እጅ አጠለቀች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተዘጉ።

ከዘቦቹ ጥቂቶቹ ጦር አነሡ። ጫንያ መሐላቸው ገብቶ «ጦራችሁን አውርዱ! ከዛሬ ጀምሮ ሰው የምንይዘው እንደዚች ልጅ ነው፤ የማይችል ይውጣ!» አለ። አንዳንዶቹ ወጡ። ብዙዎቹ ቀሩ።

ድንገዞ ወደ ኮረብታው ሲወጡ «ሞኝ ነሽ» አላት። «ዛሬ ራትሽን ከወንድምሽ ጋር ትበዪ ነበር።»

«ካንተ ጋር እበላለሁ» አለችው። የተቆራኙ ሰዎች አንቱ አይባባሉም፤ ይህም ጥንታዊ ልማድ ነው።

ፍርድ ኮረብታ ላይ ያሉት ቤቶች አጥር ረጅም ነው፤ መንገዱ አይታይም። ገበታው ቀረበ፤ አንዱ ሲጎርስ የሌላው እጅ ይሳባልና ተራ ይጠብቁ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ከመንገዱ፣ ፉጨት መጣ። ዋሪት ጉርሻዋን ከመሶቡ መለሰች። ዜማው ወጣ፣ ወጣ፣ ከፍ ወዳለው ቦታ ደረሰና ነፋስ ብቻ ሆነ።

እሱ ነው።

ተነሥታ ልትሮጥ ፈለገች፤ አጥሩን በጥርሷ ልትቦረቡረው ፈለገች። እንባዋ በጉንጯ ላይ ወረደ። ድንገዞ አያት።

«ማነው?»

«ከግንብህ የወጣ ሰው ነው።»

«ስሙስ?» አላት። ሰውየው በተያዘ ቀን አልጠየቀም፤ ከተያዘ በኋላም አልጠየቀም ነበር።

«ናደው» አለችው። ልትመልስለት ብታፏጭ ከንፈሯ አልታዘዝ አላት። ሰንሰለቱን ልታንቃጭለው እጇን ሰበቀች፤ የድንገዞ እጅ ግን ጉልበቱ ላይ ከብዶ ያዘባት። ብቻዋን ልታነሣው አትችልም። አልለመነችውም፤ ጠበቀችው።

ፉጨቱ እየራቀ ነበር። ድንገዞ ወደ አጥሩ ተመለከተ፣ ወደ ቀለበቱ ተመለከተ፤ ከዚያም ያን ከባድ እጁን ቀስ ብሎ ከእጇ ጋር አነሣው። ብረቱ በኮረብታው ላይ አንቃጨለ።

ማዶ ፉጨቱ ቆመ። ጥቂት ቆይቶም፣ ያችው ድምፅ እንደጎደለችው፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።